የእንዳለው ሁለተኛ ዓይን

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የትናየት ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ በኮቴያቸው ለየቻቸው። መሬቱን ፈቃድ እየጠየቁ የሚረግጡ የሚመስሉት ቄስ ገሠሠ ናቸው። ከደጅ ጀምረው የሚስቁት አቶ ገዱ ናቸው፤ አቶ ገዱ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲሄዱ ሳቃቸውን የሚውጡት ደፉ ላይ ደርሰው ነው።

እንዳለው አብሯቸው አልመጣም። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ አብሮ አይገባም። እሱ ያን ሰዓት ደባርቅ አደባባይ ላይ ሥራ የያዘ ለመምሰል በቅሎውን ደጋግሞ እየጫነ ደጋግሞ ያራግፋት ነበር። በእሱ ፈንታ የገባው ሥዕሉ ነው።

ሐሳቡ የራሱ የእንዳለው ነው። የየትናየት አባት መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ከዳባት እስከ ጃናሞራ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉ ሰው ናቸው። ሠዓሊ ቤት ሥዕል ይዞ ከመሄድ የበለጠ ምን ክብር አለ? ሥዕሉ ደግሞ እጁ ላይ ነበር። እንዳለው የእንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር፣ የሚያወጣ ልጅ ነው፤ በዚያ ሰሞን የያዛቸው እንግዳ አቶ ሊን የሚባሉ ሸምገል ያሉ ቻይናዊ ሠዓሊ ነበሩ። አቶ ሊን በከተማው ሲያልፉ ሰው ሁሉ «መንገዱ መቼ ያልቃል?» ይላቸዋል። እሳቸውም በትሕትና አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰውም «በቅርቡ ነው ብሏል» እየተባባለ ይጽናናል። የመጡት ግን ተራራ ሊሥሉ ነው። አንድ ጠዋት ታዲያ ተራራውን ሲሥሉ እንዳለውንም ጨምረው ሣሉትና ወረቀቱን ጠቅልለው ሰጡት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። መሪጌታም እንደ ደንቡ የሰሙ ያልሰሙ መስለው ቆዩና አስቀመጧቸው። አቶ ገዱ ጥቅሉን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ልጁ ራሱ መግባት ስላልተፈቀደለት፣ ይኸው፣ መልኩ ገብቷል» አሉና ዘረጉት።

የትናየት በመጋረጃው ጥግ አየችው። መጀመሪያ ደስ አላት። በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በጥቂት ጭረት፣ እንዳለው ራሱ ቆሟል፤ ጠፍር ሲያጠብቅ ትከሻው የሚዘምበት አዘማመም እንኳ አልቀረም። በቅሎዋ አለች። ከኋላ ገደሉ አለ። የቀረው ወረቀት ነጭ ነው። ከዚያ ፊቱን አየች።

እንዳለው የተሣለው በጎን ነው። የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

የትናየት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ድረስ የአባቷን ሥዕሎች ዳር በሐረግ የምታስጌጥ ልጅ ናት። በአባቷ ግድግዳ ላይ ጻድቃን፣ ሰማዕታትና መላእክት ሁሉ በሁለት ዓይን ሰውን ፊት ለፊት ያያሉ። አንድ ዓይን የሚሰጠው ለይሁዳ፣ ለሄሮድስ ወታደሮችና ለአጋንንት ነው። አባቷ አንዴ የአንድ እረኛ ፊት ቦታ ጠቧቸው ወደ ጎን ሊያዞሩት ሲሉ፣ «ምን በደለኝ?» ብለው ግድግዳውን እንደገና ቀብተውታል።

መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ አዩ።

«ሌላው ዓይኑ የታለ?» አሉ።

«በዚያ በኩል ነው፣ መሪጌታ» አሉ አቶ ገዱ።

መሪጌታ ወረቀቱን አነሱና ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «በዚህ የለም» አሉ።

አቶ ገዱ ሊስቁ ከጀሉና ወደ ቄስ ገሠሠ ዞሩ። ቄስ ገሠሠ ግን ሥዕሉን ገና አሁን ልብ ብለው ማየታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ግድግዳ ሥር የቀደሱ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው አማተቡ።

«ይህ ነጩስ?» አሉ መሪጌታ። «ቀለም አልቆበት ነው?»

«ጭጋግ ነው» አሉ አቶ ገዱ፤ እንዳለው አስጠንቷቸዋል።

«ጭጋግ ከሆነ እኔም ሱቅ ሄጄ አንድ ደስጣ ጭጋግ እገዛለሁ።» ወረቀቱን ጠቀለሉት። «እንግዲህ ክቡራን፣ እኔ ልጄን ማን እንደሚወስዳት ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ዛሬ የመጣው ግማሽ ሰው ነው፤ ግማሹም የይሁዳ ወገን ነው። ሁለት ዓይኑን ይዞ ይምጣ። በመድኃኔ ዓለም ዕለት እጠብቃችኋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሥዕሉን እዚያው ትተው ወጡ። የአቶ ገዱ ሳቅ የተሰማው በሩን አልፈው ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው።

የትናየትና እንዳለው የሚገናኙት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ስለሚጮህ የሚያወሩትን ሌላ ሰው አይሰማም፤ ችግሩ እነሱም አይሰሙም።

«ምን አሉ?» አለ እንዳለው።

«አልወደዱትም።»

«ምን?»

«አልወደዱትም! አንድ ዓይን ነው ያለህ!»

«ሌላው በዚያ በኩል ነው!»

«እሱን አያውቁም! ለምን ዞር አላልክም?»

«ጠፍር እያጠበቅኩ? በቅሎዋ ብትረግጠኝስ?»

«አባዬ ይሁዳ ነው ብለውሃል!»

ይህን ስትል መብራት ጠፋና ወፍጮው ቆመ። «ይሁዳ ነው ብለውሃል» የሚለው ቃል ብቻውን ወፍጮ ቤቱን ሞላው። በቤተ ክርስቲያን እንኳ ድምፅዋ ተሰምቶ የማይታወቀው የትናየት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ተራ የያዙት ሴቶች በሙሉ ወደ እንዳለው ዞሩ፤ አንዷ ከዱቄቷ ፈቀቅ እንዲልላት ጠየቀችው።

በሳምንቱ አጋማሽ እንዳለው ሌላ ጥቅል ይዞ ወፍጮ ቤት መጣ። ደስታው ከሩቅ ያስታውቃል። «ፊት ለፊት ቆምኩላቸው። ሳንቃ በር ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ እንደ ሐውልት» አለና ዘረጋው።

የትናየት አየች። ፊት ለፊት ነው። ዓይኖቹም ሁለት ናቸው። ግን ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ናቸው።

«ተከድነዋል» አለች።

«ነፋስ ነበራ! ሳንቃ በር ላይ ዓይኑን የሚገልጥ ማን አለ?»

«በአባዬ ግድግዳ ላይ ዓይኑ የተከደነ ሰው የሞተ ነው።»

እንዳለው አሰበ። «ከይሁዳ ሬሳ አይሻልም?»

«ለሬሳ ልጁን የሚድር አባት አይተሃል?»

አቶ ሊን በማግስቱ ወደ ጎንደር ሊወርዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓይን የሚሰጥ ሰው የለም። መድኃኔ ዓለም ደግሞ ደርሷል። አባቷ አንዴ እንቢ ካሉ እንቢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን የቅጽር በር እንኳ ሰማያዊ ቀለም እንዲቀቡት ሰበካ ጉባኤው ለምኗቸው እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

«ሰውየውን ቤት አምጣቸው» አለች የትናየት።

«ማንን? እኔ እናንተ ቤት እገባለሁ?»

«እንደ አማች አይደለም። አስተርጓሚ ሆነህ ነው።» ይህን ስትል ራሷም ደነገጠች።

በማግስቱ ጠዋት በሩን የከፈቱት እናቷ ወይዘሮ ዘቢደር ናቸው። አቶ ሊንን አዩ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ መንገዱ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ፣ መልሱን በአንገት ተቀበሉ። ከዚያ ከኋላቸው ያለውን አዩ።

«አንተስ ምን ልትሠራ?»

«አስተርጓሚ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ከሳቸው ቃል በቀር የራስህ ቃል እንዳይወጣ።»

«እሺ» አለ እንዳለው። ወይዘሮ ዘቢደር አፈጠጡበት። እሺም የራሱ ቃል መሆኑ ያኔ ገባው።

መሪጌታ እንግዳውን በሥራ ክፍላቸው ተቀበሉ። አቶ ሊን ዙሪያውን የተደገፉትን ሸራዎች እያዩ ብዙ ቆሙ፤ ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና እንደ ሳሙና የጠጠረ ጥቁር ቀለም አወጡ። የትናየት ውሃ እንድታመጣ ተጠራች። ቀለሙ በውሃ ድንጋዩ ላይ ሲፈጭ መሪጌታ ተጠጉ፣ አሸተቱ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«ጥላሸት ነው» አሉ። «ከምን እንደሚያወጡት ጠይቃቸው።»

«ከጥድ ጭስ ነው ይላሉ» አለ እንዳለው፣ ከእንግዶች በለቃቀመው እንግሊዝኛ ጠይቆ።

«የሚያጣብቀውስ?»

«የተቀቀለ ቆዳ።»

መሪጌታ ደስ አላቸው። «እኔ የማወጣው ከድስት ቂጥ ነው። በደባርቅ የድስቷ ቂጥ ነጭ የሆነ ሴት ዘቢደር ብቻ ናት በላቸው።»

«እሱን አይተርጉም!» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ከበሩ። እንዳለው ግን ግዴታው ነውና ተረጎመ።

ሁለቱ ሠዓሊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የብሩሻቸውን ጠጉር ተያዩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ከትርጉሙ ቀድሞ ራሱን ይነቀንቃል። የትናየት ነገሩ መልክ ያዘ ብላ ተስፋ ስታደርግ አባቷ ያንን የእሑዱን ጥቅል አወጡና ዘረጉት።

«አሁን ጠይቃቸው። ይህ ልጅ ምን በድሏቸው ነው አንድ ዓይን የሰጡት?»

እንዳለው ስለ ራሱ ጠየቀ።

«ሌላው ዓይን ተራራውን እያየ ነው ይላሉ» አለ።

«ተራራ ሲያይ የኔን ልጅ ማን ያይልኛል?» አሉና መሪጌታ ጣታቸውን ከአፍንጫው ፊት ለፊት ነጩ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ነበር መሆን የነበረበት። እዚህ!»

አቶ ሊን ጣቱ ያረፈበትን ባዶ ቦታ አዩ። ፊታቸው በራ። ከመቀመጫቸው ተነሡና ብሩሹን በሁለት እጃቸው ይዘው ለመሪጌታ ዘረጉላቸው።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«ይጨምሩበት ይላሉ። በአገራቸው ወዳጅ የወደደው ሥዕል ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ የራሱን ነገር ይጨምርበታል። ክብር ነው ይላሉ። እርስዎ ቦታ ስለመረጡ ደስ ብሏቸዋል።»

«በሰው ሥዕል ላይ?» አሉ መሪጌታ። ይህን ሲሉ ግን እጃቸው ብሩሹን ይዟል። ባዶ ቦታ አይተው ዝም ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ከሁለት ጻድቃን መካከል መዳፍ የምታክል ክፍት ካገኙ ክንፍ ያስገቡበታል። ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ሕይወታቸውን ሙሉ ሲሥሉት የኖሩትን ዓይን በአንድ ጭረት አዙረው፣ መካከሉን ነጥብ አደረጉበት።

የእሳቸው ሸራ ቀለሙን ባለበት ይይዛል። ይህ ወረቀት ግን እንደ ጠማው ሰው ጠጣው። ዓይኑ ሰፋ። ሁሉም ቆመው እያዩት ሰፋ፤ ከእንዳለው አፍንጫ ፊት ለፊት፣ ጭጋጉ መካከል፣ እንቁላል ሲያክል ቆመ።

«በስመ ሥላሴ!» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር።

መሪጌታ ብሩሹን አስቀመጡ። ጆሯቸው ቀላ። «አበላሸሁት» አሉ ዝግ ብለው። የትናየት አባቷ ይህን ቃል ሲሉ ሰምታ አታውቅም። እንዳለው የራሱ ቃል ስለሌለው አፉን ከፍቶ፣ የሚተረጎም ነገር ይናገሩ እንደሆነ ብሎ አቶ ሊንን ያያል። አቶ ሊን ዓይኑን ያያሉ።

የትናየት ውሃውን እንደያዘች ቆማለች። አሁን አባቷ ወረቀቱን ቢጠቀልሉት ከሥዕሉ ጋር ነገሩም እንደሚጠቀለል ታያት። እፍረቱን ሰው ፊት ደግመው አያወጡትም።

«አልተበላሸም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። እሷም ወደ ኋላዋ ልትዞር ነበር፤ ከኋላዋ ግን ግድግዳ ነው።

«ያየኛል» አለች።

«ማን?» አሉ አባቷ።

ዓይኑ ማለት ትችል ነበር። «እንዳለው» አለች።

አቶ ሊን ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቁ። እንዳለው ከአንገቱ ጀምሮ ቲማቲም መሰለና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፣ ዓይኑን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ።

«ተርጉም እንጂ!» አሉ። «አስተርጓሚ አይደለህም?»

እንዳለው እየተንተባተበ ተረጎመ። አቶ ሊን ሳቁ፤ ከኪሳቸው ትንሽ ማኅተም አወጡና ከትልቁ ዓይን ሥር ቀይ አድርገው መቱበት። ከዚያ ብሩሹን መልሰው ሰጡ። መሪጌታ በዚህ ጊዜ ቀለሙን በደንብ አራግፈው፣ በቀጭኑ፣ «ሠዓሊሁ ፍቅረ ሥላሴ» ብለው ጻፉ።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አቶ ገዱ ገና ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አዩትና ሳቁ አመለጣቸው።

«ይኸማ ዓይን አይደለም፣ ፀሐይ ነው!»

«ምን አሉ?» አሉ መሪጌታ።

ቄስ ገሠሠ ጠጋ ብለው ጽሑፉን አነበቡና የአቶ ገዱን ጋቢ ጎተቱ። «የመሪጌታ እጅ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«ፀሐይ ነው ማለቴ፣ የሚያበራ» አሉ አቶ ገዱ።

«ሁለት ዓይን አለው?»

«አለው፣ መሪጌታ።»

«የሚነቅፍ አለ?»

«እንዴት ተብሎ!»

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ መሪጌታ።

ቄስ ገሠሠ ግን አልተቀመጡም፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። «አባት ፈቅዷል። ልጅቱም መጠየቅ አለባት። ትጠራና ቃሏን እንስማ» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ የትናየት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ተዉዋት» አሉ መሪጌታ። «እሷ ከእናንተ ቀድማ ተናግራለች።»