ከሥዕሏ ሥር የነበረው ማጥፊያ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ግድግዳው ሥር ፀሐይ አለ። የእንዳለውን ነገር ላውጋችሁ።

እንዳለው ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ተምሮ ላሊበላ ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞት ነበር፤ ተሳላሚ ታብሌት ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ነካ ሲያደርግ ዜማ እንዲሰማ። ገነተ ማርያም ሄዶ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን የማኅሌተ ጽጌ ዜማ ቀዳ። መሪጌታ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ታብሌቱን ይዞ ባለቤታቸው እማማ ባንችይርጋ ዘንድ መጣ። ዜማው ያለው እዚያች ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አልገለበጠውም።

"እማማ፣ ሥዕሏን ነካ ያድርጓት፤ እሳቸውን ይሰማሉ።"

"እመቤታችንን በጣት? አንተ የማን ልጅ ነህ!" ብለው ሳቁበት። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አስነኩ። የመሪጌታ ድምፅ ተነሣ! እማማ ዕንባቸው ቀደማቸው፤ ወረድ ብለው ከሥዕሏ እግር ሥር ሳሙ።

ድምፁ ጭጭ አለ።

እንዳለው ክው አለ። ለራሱ እጅ እንዲቀለው ብሎ ዜማውን ጨርሳ የምትሰርዘዋን የማጥፊያ ቀይ ምልክት ልክ ከሥዕሏ ሥር አድርጓታል። "ላጥፋ ወይ?" ብላ አትጠይቅም፤ የጠፋውን አትመልስም።

"ምነው ዝም አሉ?" አሉ እማማ።

"እማማ... አጠፏቸው።"

"እኔ?" እጃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። "ደግሜ ገደልኳቸው?" ብለው ጮኹ።

ጩኸታቸውን ሰምተው ጎረቤታቸው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ እየሮጡ ገቡ። "ምን ሆናችሁ?" ሊሉ ሲሉ የእመቤታችንን ሥዕል በእንዳለው እጅ ላይ አዩ። መስቀላቸውን ወደ ጎን አድርገው ጎንበስ አሉ። ግንባር፤ ቀጥሎ ከንፈር። እዚያችው ቀይ ምልክት ላይ!

እንዳለው ታብሌቱን ወደ ጎን አደረገ። "እማማ፣ እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ" አለ። "ሥዕል እየተሳለመ ያሳደገኝን ሰው ረስቼ፣ የሚስምበት ላይ ማጥፊያ አስቀመጥኩ። ለአንድ ሰው እንኳ ሰጥቼ ሲነካው አላየሁም።"

"ታዲያ መልሳቸዋ!" አሉ እማማ።

ዜማው የለም። ስልኩን ሲበረብር ግን መጀመሪያ ለሙከራ የቀዳት አንዲት ነገር ተገኘች። ከፈታት። ሳል ተሰማ፤ ከዚያ የመሪጌታ ድምፅ፦ "ይኸ ዕቃ እየሰማኝ ነው? ባንችዬ! ውሃ አቀብይኝማ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ!"

"መጣሁ!" ብለው እማማ ብድግ አሉ። እንስራው ጋ ከደረሱ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው፤ ጣሳውን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ቄሱ አማተቡ።

አሁን በእንዳለው ሥራ ላይ ማጥፊያው ከሥዕሏ ርቋል፤ ሳያረጋግጥ አያጠፋም፤ ያጠፋውንም ቶሎ አይጥልም። አዲስ ነገር ሲሠራ አስቀድሞ ለአንድ አዛውንት ይሰጥና፣ እሱ አፉን ዘግቶ እጃቸውን ያያል። እናንተም ለሰው የሚሆን ነገር ስትሠሩ፣ ጣሳ ይዘው የቆሙትን እማማ ባንችይርጋን አስታውሱልኝ፤ አደራ ልጆቼ።