የፓምፑ ሰዓት

በሮቢት አጠገብ ያለው የገበሬዎች አምራች ማኅበር ፓምፕ በራሱ የሚነሳ ነበር። ከፊቱ ባለው ክብ ሰዓት ላይ ፒን ይሰካል፤ በማግስቱ ጊዜው ሲደርስ ሞተሩ ይነሳል፤ በእጅ ግን አይነሳም። ቁጥሮቹ የፈረንጅ ስለነበሩ ኦፕሬተሩ ሰላሁዲን ካርቶን በክብ ቆርጦ፣ የአገሩን ሰዓት ጽፎ ዙሪያውን ለጥፎበታል። በፈረንጅ ዘጠኝ አንጻር ሦስት፣ በአሥራ አምስት አንጻር ዘጠኝ።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር፣ አንድ ሐሙስ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ ታረቀኝ ከክፍለ ሀገር የተላከ መርሐ ግብር ይዞ መጣ። ቅዳሜ 9:00 ላይ እንግዶች ፓምፑ ሲነሳ ያያሉ። ታረቀኝ ገበሬው ከሰዓት በኋላ እንዲሰበሰብ አዟል። የቀረው ናፍጣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል።

ሰላሁዲን ወረቀቱን ሲያነብ ዓይኑ ከታች ያለው መስመር ላይ ቀረ። ምሳ፣ 12:30 ይላል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ማን ምሳ ይበላል? በፈረንጅ ከሆነ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዘጠኙም ሦስት ሰዓት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የምሳው ሰዓት...»

«ስለ ምሳ አንተን ማን ጠየቀህ? ዘጠኝ ብያለሁ፣ ዘጠኝ።»

ሰላሁዲን ወረቀቱን መለሰለት። አምና ትራክተር የተሰበረበት የማኅበሩ ነጂ ታሂር አሻጥረኛ ተብሎ ቆቦ እንደተወሰደ አልተመለሰም። በካርቶኑ ዘጠኝ ላይ ሰክቶ እንግዶቹ ጠዋት ቢመጡ ፓምፑ ዝም ይላል። ሦስት ላይ ሰክቶ ከሰዓት ቢመጡ ናፍጣው አልቆ ይጠብቃቸዋል።

ዓርብን ፒኑን ሲሰካና ሲነቅል ዋለ። ምሳ ያመጣችለት ሚስቱ ዓሊማ፣ ከሰዓቱ ጋር ተጣላህ እንዴ ብላ ሳቀችበት። ነገሩን ሲነግራት ግን ሳቋን ተወች።

«እንግዶቹ ሰው አይደሉም? እንደ ሰው ነው የሚርባቸው» አለችው።

ፒኑን ሦስት ላይ ሰካው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁለት ላንድሮቨሮች ከጎብዬ በኩል መጥተው ቆሙ። ከሰላሁዲን በቀር ማንም አልነበረም። ሞተሩ ሁለቴ አጓርቶ ተነሳ፤ ውሃው ወደ ቦዩ ገባ። ታረቀኝ የካኪ ኮቱን ሳይቆልፍ እየሮጠ ደረሰ።

የእንግዶቹ መሪ ሕዝቡ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ታረቀኝ ትንፋሹ አልመለስ አለው።

«ማሽላ አጨዳ ላይ ነው፣ ጓድ» አለ ሰላሁዲን። «ጓድ ሊቀመንበር ሥራ እንዳይፈታ ብለው ነው። ፓምፑም በዚህ ሰዓት እንዲነሳ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።»

ሰውዬው ማስታወሻው ላይ ጻፈና ቦዩን ተከትሎ ሄደ። ታረቀኝ ወደ ኋላ ቀርቶ ካርቶኑን አተኩሮ አየው።

«ማክሰኞ ቢሮ ና» አለው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረውም።