ማል ቢሉት የማለው መምህር

ታረቀኝ የቋንቋ መምህር ነው፤ ያውም የቃላትን ዘር ማንዘር እየቆጠረ የሚያስተምር። ከጎጃም ተመድቦ ነቀምቴ ሲገባ አማርኛ፣ ግዕዝ፣ እንግሊዝኛና ለጉራ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ይዞ ነበር። ኦሮምኛው ግን ከሰላምታው "አከም" እና ከምስጋናው "ገለቶማ" አላለፈም። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ ሻይ ቤት በአማርኛ እየኖረ፣ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ ይል ነበር።

የተከራየው ኦቦ ሞረዳ ግቢ ነው። ኦቦ ሞረዳ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተው ጆሯቸውን እዚያው ትተው የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ጎህ ሳይቀድ መስኮቱ ሥር ቆሞ የሚጮህ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበር።

ታረቀኝ አምስት ሳምንት ታገሠ። በስድስተኛው፣ ኦቦ ሞረዳና ልጃቸው ፌኔት ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት እሑድ፣ ዶሮውን ያዘና አረደው። ቀቅሎም ብቻውን በላው። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ እሱን ያስጨነቀው ግን ከጾሙ ይልቅ ላባው ነበር። በፌስታል ጠቅልሎ ባጃጅ ተሳፈረና ከተማው ዳር ወስዶ ጣለው።

ማክሰኞ ከሰዓት ኦቦ ሞረዳ በሩን አንኳኩና በኦሮምኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ታረቀኝ አንዲት ቃል አልገባውም፤ ሕሊናው ግን ተረጎመለት።

"ኦቦ ሞረዳ፣ ዶሮውን አላየሁትም" አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉ። "ማል?"

ታረቀኝ ደነገጠ። ሰውየው ሊያስምሉት ነው የመጡት።

"ጊዮርጊስን፣ አላየሁም።"

"ማል?"

"እናቴ ትሙት" አለ፣ ድምፁ ይበልጥ እየሰለለ።

ኦቦ ሞረዳ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ማል?"

ታረቀኝ የያዝኩትን ጾም ሊል አፉን ከፈተ፤ ዶሮውን የበላው ግን በዚያው ጾም ነበር።

"በላሁት!" ብሎ ጮኸ። "አውራ ዶሮውን የበላሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አያስምሉኝ።"

ይቺን ኦቦ ሞረዳም ሰሟት። ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ የነበረችው ፌኔት እጇን እየጠረገች መጣችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አባቷ ሦስት ጊዜ እንዳስማሉት ነገራት። ፌኔት ግድግዳውን ተደግፋ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። ማል ማለት በኦሮምኛ "ምን?" ማለት ነው። አባቷ የሚለው አልሰማ ብሏቸው ነው እንጂ መሐላ አልጠየቁትም። የመጡትም ነገ ጠዋት ውሃ ስለሚለቀቅ ጀሪካን አውጣ ሊሉት ነው። ይባስ ብሎ ዶሮው የሳቸው አልነበረም፤ የጎረቤታቸው የወንጌላዊው ጆቴ ነበር።

ሁሉም ነገር ጆሯቸው ሥር ሲነገራቸው ኦቦ ሞረዳ ታረቀኝን ትክ ብለው አዩት።

"ብቻህን?" አሉት በአማርኛ።

ቅዳሜ ታረቀኝ ከገበያ አውራ ዶሮ ገዛና ኦቦ ሞረዳን አስቀድሞ ጆቴ ቤት ሄደ። ጆቴ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ስለ ስርቆትም ጥቅስ በጥቅስ ላይ አወረደበት። ሲደክመው ይቅር አለውና፣ ዕርቁ እንዲጸና የመጣው ዶሮ ይታረድ አለ። ሁዳዴን የማይጾሙት ሌሎቹ ዶሮውን ሲበሉ ታረቀኝ ሽሮ ቀረበለት።

ክብሩን ለመጠገን ይመስላል፣ በምሳው መሃል ስለ ቃሉ ያገላበጠውን ሁሉ ዘረገፈ። የአማርኛው ከግዕዙ መሐለ የመጣ ነው፤ ከኦሮምኛው ጋር ዝምድና የለውም፣ መንገድ ላይ የተገናኙ ናቸው። ዐረብ ማል ሲል ሀብት ማለቱ ነው፤ ፈረንሳይ ሲል ሕመም ወይም ክፋት። ቱርኮች ከዐረብ ወስደው ዕቃን ማል ይላሉ፤ ሲሳደቡ ደግሞ ቂሉን ሰው።

ኦቦ ሞረዳ የመጨረሻዋን ፌኔት እንድትደግምላቸው ጠየቁ። ሰምተው ሲያበቁ የዶሮውን እግር እየጋጡ፣

"የቱርኩ ላንተ ይሁን" አሉት።

ጆቴ ትን አለው፤ ውሃ ሰጡት።

ታረቀኝ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ፌኔት ዘንድ ኦሮምኛ ይማራል። ጨካኝ አስተማሪ ናት። ባለፈው ፈተና ከአሥር ሦስት ሰጥታዋለች።