የሁስና ክንድ

"ያላ፣ ያላ! በሩ ተከፈተ!" ብሎ ሂሻም ሲጮህ ሁስና በእግሯ ጣት ቆማ አሥራ አንደኛውን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ገላቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ረጅም ጨርቅ፣ ለመስቀል ትንጠራራ ነበር። ማንጠልጠያው የተተከለው ለሰው ቁመት ነው። የሁስና ቁመት ደግሞ፣ ወለተማርያም ስታበሽቃት እንደምትለው፣ ፈጣሪ ጨርቅ ያጠረው ቀን የተሰፋ ነው። ወለተማርያም ከስፌት መኪናዋ ተነሳችና በረጅም እጇ ቶቡን ተቀብላ ሰቀለችላት።

"ወላሂ ፈራሁ" አለች ሁስና።

"እኔም ፈርቻለሁ። ብቻ ፊትሽን ፍቺው፤ የተኮሳተረ ሰው ጋ ማን ይገዛል?"

ቪላው ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፊው ሳሎን ውስጥ ስምንት ማንጠልጠያዎች ተደርድረዋል። አንዱ ጋ የቆዳ ቦርሳ፣ አንዱ ጋ የወንድ ጀለቢያ፣ ሌላው ጋ በእጅ የተቀባ ከናቴራ ይሸጣል። ከስምንቱ የራሱ ሱቅ ያለው አንድም ሰው የለም። ሂሻም የሚባል ዓይነ ፈጣን የካርቱም ልጅ ቪላውን በወር አንዴ ለሁለት ቀን፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ይከራይና ለስምንት ሰፊዎች ያካፍላቸዋል። በፌስቡክ ይጠራል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ የእያንዳንዱን ገዢ ስምና ስልክ በመዝገብ ይጽፋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ዓርብ እስከ ከሰዓት በኋላው የዓስር ሰላት ድረስ ካመጣው ዕቃ ከግማሽ በላይ ያልሸጠ፣ ቦታውን ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይለቃል። የሸጠ ግን ቅዳሜንም ይቆያል፤ በየወሩም ቦታው የእሱ ነው።

ሁስና ይህን "በየወሩ" የሚል ቃል ከሰማች ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ከወሎ ወጥታ እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በሲት ሬሕማ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቶብ አጥባለች፣ ተኩሳለች፣ አጣጥፋ ቁምሳጥን ከትታለች። ሲት ሬሕማ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለዚህ ገበያ እንኳ ሁለቱን ቀን ሳታጉረመርም ፈቅዳላታለች። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ሁስና በዕረፍቷ ሁሉ በቀጭን ጥብጣብ ላይ የአገሯን ጥልፍ ትጠልፋለች፤ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ልብስ የምትሰፋው የጎንደሯ ወለተማርያም ደግሞ ጥብጣቡን በቶቡ ጠርዝ ላይ ትሰፋዋለች። ሱዳንና ሐበሻ በአንድ ጨርቅ ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚያምር ያየ ሁሉ ያፏጫል።

በሩ በተከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዲት ወፍራም፣ ደርባባ ሐጃ ገብተው በቀጥታ ወደ አረንጓዴው ጥልፍ መጡ። ጨርቁን በጣታቸው አሹት፣ ጥልፉን ገልብጠው አዩት።

"ማሻአላህ! ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ፣ ሐጃ" አለች ሁስና በዐረብኛ።

"እጅሽ ይባረክ፣ ያ ሐበሺያ። ነገ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው፤ ጠቅልይልኝ።"

ሳይለብሱት፣ ሳይከራከሩ ከፍለው ሄዱ። ወለተማርያም መቼም አፏን መያዝ አትችልም፤ እልልታዋን ስትለቀው ከናቴራ ሻጩ ሳይቀር አጨበጨበ። ሁስና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ እየሳቀች አለቀሰች።

"ነግሬሽ አልነበር?" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ይህ ጨርቅ ከጅምሩም በረካ አለበት።"

በረካ ያለችው እንዲህ ነው። ከኦምዱርማን ገበያ አርባ አምስት ሜትር ጨርቅ ስትገዛ ነጋዴው "ቶብ አራት ሜትር ተኩል ነው፣ አሥር ይወጣልሻል" ብሏት ነበር። ሁስና ቤት ገብታ መለካት ጀመረች። አንድ ሜትር ሁለት ክንድ መሆኑን ከልጅነቷ ታውቃለች፤ እናቷ ጋቢ ስታስለካ የምትቆጥረው እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቶብ ዘጠኝ ክንድ። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ስትቆርጥ አሥር ይወጣል የተባለው ጨርቅ አሥራ አንድ ወጣውና ደህና ቁራጭም ተረፈ! አንዱን ቶብ ራሷ ለብሳ በመስታወት አየችው፤ ልክክ አለባት። ሁስና አላህን አመስግና ቁራጩን ለጎረቤቷ ለፋጤ ሰደቃ ሰጠች።

ሐጃዋ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ረጅም ሴት ገብታ ሰማያዊ ጥልፍ ያለበትን ቶብ ጠየቀች። ባንክ ነው የምሠራው አለች፤ ንግግሯም አካሄዷም የተለካ ነው። መስታወቱ ፊት ቆማ ቶቡን ወገቧ ላይ አዞረች፣ በጀርባዋ አሳለፈች፣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጫፉን ወደ ትከሻዋ ልትወረውር ስትስብ ጨርቁ አለቀ። እንደገና ፈታ አዞረችው። እንደገና አለቀ።

"ይህ ቶብ ምን ሆኗል?" አለች። "አጭር ነው እኮ!"

ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ዞር ብለው አዩ። አጠገባቸው ቦርሳ የምትሸጠው ጀሚላ የተባለች የኦምዱርማን ልጅ ከመሳቢያዋ ሜትር አውጥታ ጨርቁን ለካችው። ሦስት ሜትር ከሰባ ስምንት። ሁለተኛውን ለካች። ሦስተኛውንም። ሁሉም ያው ነው።

"በምን ነው የለካችሁት?" አለች ጀሚላ።

ሁስና ክንዷን ዘረጋች። ጀሚላ ሜትሩን አስጠጋች፦ አርባ ሁለት። የባንኳ ሴት ያዘነችላት መስላ ቶቡን አጣጥፋ መልሳ ወጣች።

"አርባ ሁለት!" አለች ወለተማርያም። "ሃምሳ መሆን ያለበት! በማርያም፣ በረካ በረካ ስትዪኝ የከረምሽው የራስሽን ክንድ ነው እንዴ?"

"የማለቅስበትን ሰዓት ለሳቅ አታድርጊብኝ።"

"እኔም እኮ እያለቀስኩ ነው።" እውነቷን ነው፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

የጁምዓ ሰላት ደርሶ ቪላው ጭር አለ። ሁስና ሰግዳ ስትመለስ ወለተማርያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠበቀቻት።

"ስሚ፣ ዘዴ አለኝ። ቀጫጭኖቹንና አጫጭሮቹን መርጠን እናለብሳለን። ወፈር ያለች ከመጣች 'ተሽጧል' እንላለን። እስከ ዓስር አምስት ብቻ ነው የቀረን። ማን ያውቃል?"

"እኛ እናውቃለና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ ወለተማርያም።"

"ቦታችን ሊሄድ ነው እኮ፣ ሁስና!"

ሁስና ቦታውን እንዴት እንደምትፈልገው ከራሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች።

"አባቴ ወረኢሉ ገበያ በቅሎ ሊሸጥ ሲወጣ ገና ገዢ ሳይጠጋው 'ቀኝ ዓይኗ ያነባል!' ብሎ ነበር የሚጀምረው። ነውሩን የደበቀ ሻጭ በረካው ይነሳል ይል ነበር።"

"ታዲያ ይሸጥ ነበር?"

"አንዳንዴ።"

ወለተማርያም ሰማይ ሰማይ አየች። ሁስና ግን ወደ ጀሚላ ሄዳ አንድ ካርቶንና እስክሪብቶ ለመነች። ዐረብኛ መናገር እንጂ መጻፍ አትችልም። "እባክሽ በትልቁ ጻፊልኝ" አለቻት። "'ይህ ቶብ አጭር ነው። ሰባ ሳንቲሜትር ይጎድለዋል። ዋጋውም በዚያው ልክ ቀንሷል።'"

ጀሚላ እስክሪብቶውን ይዛ አየቻት። "የኔ እመቤት፣ ይህን ለጥፎ የሸጠ ሰው ካርቱም ውስጥ አይቼ አላውቅም።"

"ጻፊው ብቻ።"

ካርቶኑ ተሰቀለ። ከሰላት መልስ ሰዉ ጎረፈ። መጀመሪያ የመጡት ሁለት ወይዘሮዎች አንብበው ተያዩና አለፉ። ከዚያ ግን የዩኒቨርሲቲ ሴት ልጆች በመንጋ ሆነው ገቡ፤ ጂንስ የለበሱ፣ ጫማቸው ሸራ፣ ስልካቸው ከእጃቸው የማይለይ። አንደኛዋ ካርቶኑን ጮክ ብላ አነበበችና ቆመች።

"ሰባ ሳንቲሜትር አጭር? ይህማ ለኔ ነው! ባለፈው የእናቴን ቶብ ለብሼ ስሄድ ጫፉ ሪክሻ ጎማ ውስጥ ገብቶ ታንቄ ልሞት ነበር!"

አንድ ዙር ወገቧ ላይ፣ አንድ ዙር ትከሻዋ ላይ፤ ጥልፉ ከጂንሱ በላይ ዥንጉርጉር ብሎ ወረደ። እጇን አወዛወዘች፣ ዘለለች፣ ዞረች። ምንም አልተፈታም።

"ያ ሰላም! እዩኝ፣ መሮጥ እችላለሁ!"

ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሮጣ ስትመለስ ጓደኞቿ ማንጠልጠያውን ከበቡት። ቀዩ የኔ ነው፣ አይ የኔ ነው፣ ተባለ። አንዷ ለብሳ ስትነሳ ሌላዋ ትቀርጻለች። ሂሻም ሙዚቃውን ከፍ አደረገ። ወለተማርያም መርፌ ቁልፍ በአፏ ነክሳ ካንዷ ወደ ሌላዋ ትሯሯጣለች። ሁስና ደግሞ እንዴት እንደሚለበስ እያሳየች፣ ለእያንዳንዷ "አጭር መሆኑን አውቀሻል አይደል?" እያለች፣ እነሱም "አወቅን፣ አወቅን!" እያሉ፣ ደስታውን ደረቷ አልችል ብሎ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። እንዲህ ያለ ቀን እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም።

አምስት ተሸጠ። ሌሎቹ ልጆች "ነገ እህቶቻችንን ይዘን እንመጣለን፣ እናንተ ብቻ አትጥፉ" ብለው ሄዱ።

የዓስር አዛን ሊል ሲል ሂሻም መዝገቡን ይዞ በየማንጠልጠያው ዞረ። እነሱ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሎ ጣቱን በስሞቹ ላይ አወረደ። "ከአሥራ አንድ ስድስት። ከግማሽ በላይ። መብሩክ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ቦታው የ..."

"ቆይ፣ ሂሻም" አለች ሁስና። "ስድስት አይደለም።"

ወለተማርያም መርፌ ቁልፉን ልትውጠው ነበር።

"አምስቱ አጭር መሆኑን አውቀው ነው የገዙት። የጠዋቷ ሐጃ ግን አላወቁም። ለነገ ሠርግ ነው የወሰዱት፤ ሠርግ ላይ ሊለብሱት ሲሉ ያልቅባቸዋል። ስልካቸውን ስጠኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?" አለ ሂሻም በእውነት ደንግጦ። "ከመለሱት አምስት ትሆኛለሽ፤ በአምስት ደግሞ ቦታ የለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለአንቺ ብዬ ላጥፈው አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

"ከአዛን በኋላ ደውዪ። አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፤ ያኔ ቦታው በስምሽ ተጽፏል።"

ይህ ምክር ጥሩ ምክር ነበር፤ ሁስናም ጥሩነቱ ገብቷታል። ወለተማርያምን አየቻት። ወለተማርያም ደግሞ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ቀኝ ዓይኗ ያነባል በያቸው እንግዲህ" አለች።

ሁስና ደወለች። ሐጃዋ ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ አነሱት።

"ሐጃ፣ እኔ የጥልፍ ቶብ የሸጥኩልዎ ሐበሺያ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ ቶቡ አጭር ነው። በክንዴ ለክቼ ነው፣ ክንዴ ደግሞ አጭር ነው። ካልፈለጉት ገንዘብዎን እመልሳለሁ።"

ከወዲያ ማዶ ሐጃዋ የሆነ ሰው ቶቡን እንዲያመጣ ሲያዙ፣ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ፣ ሲያጉረመርሙ ተሰማ።

"እውነትሽን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ትከሻዬ ጋ አልቋል። ስልሳ ዓመቴ ነው፤ ነጋዴ ደውሎ 'ጎድሎብሻል' ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሙሉ ቶብ አለሽ? አረንጓዴው ጥልፍ ያለበት?"

ሁስና ወለተማርያምን አየቻት። ከስፌት መኪናው ሥር ለነገ ብለው ያመጡት ሌላ ያልተቆረጠ ጣቃ ጨርቅ አለ። ከረጢቱ ውስጥም የተረፈ አረንጓዴ ጥብጣብ አለ።

"አሁን እንሰፋዋለን፣ ሐጃ።"

"ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እመጣለሁ። ሙሉ ካልሆነ ግን ገንዘቤን አዘጋጂ። እኔ ሁለት ጊዜ አልታለልም።"

ስልኩ ተዘጋ። ሂሻም እስክሪብቶውን አንስቶ በስማቸው ላይ አንዣበበ፤ አልሰረዘም፣ አልጻፈምም። "እስከ መግሪብ ባዶውን ትቼዋለሁ" አለ። "የተመለሰ ዕቃ አይቆጠርም፤ የተለወጠ ግን ያው የተሸጠ ነው። ሕጉ እዚያ ድረስ ይሄዳል።"

አዛኑ ሲጀምር ጀሚላ መሬት ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችላቸው። ወለተማርያም መኪናዋን ዘይት ነካ ነካ አድርጋ ክሩን አሳለፈች። ሁስና ጣቃውን ዘርግታ ተንበረከከች፤ ከልማዷ የተነሳ ቀኝ ክንዷን በጨርቁ ጫፍ ላይ አጋደመችና አንድ ብላ ልትቆጥር አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው። ክንዷን ሰበሰበች።

"ጀሚላ" አለች እጇን እየዘረጋች፣ "ሜትርሽን አቀብዪኝ።"