ቆመው የተለኩ ፈረሶች

ጭሮ ከተማ ውስጥ ኢርሻድ የማይንቀው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው አው ሙሜ። ሌላውን ሁሉ ይንቃል። ነጋዴውን በሚዛኑ፣ ሹሙን በንግግሩ፣ አናጢ ነን ባዮችን ደግሞ ምስማር የሚያስገቡት በመዶሻ ሳይሆን በጸሎት ነው እያለ ይንቃቸዋል። ንቀቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ እጁ እውነትም እጅ ነው። ከገለምሶም ከመቻራም በር የሚያሠራ ሰው ስሙን እየጠራ ይመጣል። ክፋቱ፣ ይህን እሱም ያውቀዋል።

ታሪኩ የፈረሶቹ ነው። በንጉሡ ዘመን አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ያስመጣቸው አሥራ ሁለት የእንጨት ፈረሶች። አንድ ወፍራም የብረት ምሰሶ መሃል ላይ ይቆማል፤ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ጣሪያ አለ፤ ፈረሶቹ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ በብረት ዘንግ ተንጠልጥለዋል። ሞተር የለውም። ከምሰሶው ሥር የተቀመጠ ሰው እጀታውን ሲያዞር ጃንጥላው ይዞራል፣ ፈረሶቹም ልጆች ተሸክመው አብረው ይዞራሉ። ያን እጀታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዞሩት አው ሙሜ ናቸው። ኢርሻድ ያኔ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ነበር፤ አው ሙሜ ግን ሳንቲም ሳይጠይቁ ዳማው ፈረስ ላይ ያወጡት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ፈረሶቹ ተፈታትተው ገለምሶ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ተጣሉ፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም ጆንያ ሲጫናቸው ኖሩ።

አሁን ከተማው መናፈሻ ሲያሠራ አንድ ሰው ፈረሶቹን አስታወሰና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የጫት ነጋዴው አብዱናስር ሆነ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ አብዱናስር ቤት፣ በርጫ ላይ፣ ትራሱን ተደግፎ ነው። እቅዱም ከምርቃናው ጋር አብሮ ያድጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፈረሶቹ የቆርቆሮ ዳስ ይበቃቸው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ዳሱ የመስታወት ቤት ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፏፏቴ ገባበት፤ ቱሪስቱ በምን ይመጣል ተብሎም የአውሮፕላን ማረፊያ ተነሣ። ሲመሽና ሲበርድላቸው ፏፏቴውንና ማረፊያውን ተዉት። አንዱ «ለአንድ ፈረስ አንድ ዓምድ» ያለው ግን አማረባቸውና ቃለ ጉባኤ ላይ ቀረ። ኢርሻድ ይህን ሲሰማ ሳቀ። እሱም ይቅማል፤ ግን ጠዋት፣ ብቻውን፣ ሥራውን እየሠራ። ጫት ለእጅ ነው እንጂ ለኮሚቴ አልተፈጠረም ባይ ነው።

ፈረሶቹን የሚያድሰው እሱ ነበር፤ ሌላ ማን ሊሆን! ስምንት ወር ግቢው ውስጥ ቀለማቸውን ሲፍቅ ከረመ። ከላይ አንድ መሃይም የቀባው የመጋዘን በር አረንጓዴ አለ፤ ከሥሩ ቀይ፤ ከቀዩ ሥር ዋናው መልካቸው፤ ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ። ምስጥ የበላውን እግር በዋንዛ ተካ፣ የተሰበረውን ጆሮ ቀረጸ፣ ከአሰቦት በኩል እውነተኛ የፈረስ ጭራ አስመጣ። አው ሙሜ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ልጃቸው ዩስራ እየመራች ታመጣቸዋለች፤ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ፈረሶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ይዳብሳሉ። ኢርሻድ ቃል ገብቶላቸዋል፤ በምረቃው ቀን እጀታውን የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ከዚህ ሌላ ከዚህች ዓለም የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

ፈረሶቹ ግቢው ውስጥ ተሰቅለው ባለቁ ጊዜ መሐንዲሱ ኤልያቄም ለቤቱ ልክ ሊወስድ መጣ፤ አብዱናስርም ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አብሮት ገባ። ኤልያቄም ከአንዱ ፈረስ ጎድን እስከ ማዶኛው ፈረስ ጎድን ሜትሩን ዘረጋና ሰባት አለ። ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምሮ ስምንት ብሎ ጻፈ።

ኢርሻድ የሚያውቀውን ያውቃል። ተንጠልጥሎ የሚዞር ነገር ሲፈጥን ወደ ውጭ ይከፈታል፤ እነዚህ ፈረሶች አንድ ክንድ ተኩል ይከፈታሉ። እሱ ልጅ ሳለ አው ሙሜ «ራቅ በል፣ ይመቱሃል» እያሉ መሬት ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር። ሊናገር አፉን ሲከፍት አብዱናስር ቀደመው።

«አንተ ፈረሱን ሥራ» አለው፤ «ቤቱን ለተማረ ተወው።»

ኢርሻድ አፉን ዘጋ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለ በልቡ። ይሥሩ። በገዛ ዓምዳቸው፣ በገዛ እንግዶቻቸው ፊት ይዋረዱ። ከዚያ በኋላ «ማስተር ኢርሻድ፣ አድነን» እያሉ ደጁን ይጠናሉ፤ እሱም ያስጠናቸዋል። ዓምዱ በሳምንት ይፈርሳል፣ ፈረሱም ይዞራል። ይህን እያሰበ እንደ ማር ላሰው፤ ሌሊት እንኳ ትዝ ሲለው ደስ ይለው ነበር።

አው ሙሜ ግን ዓርብ ዓርብ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ቤቱ ስፋቱ ስንት ነው ይላሉ። ኢርሻድ ይበቃል ይላቸዋል። በሚቀጥለው ዓርብም ይጠይቃሉ።

«ፈረስ ሲቆምና ሲሮጥ እኩል ቦታ አይበቃውም፣ ኢልመኮ» አሉት አንድ ቀን፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህን ነግረሃቸዋል?»

«አያስቡ አው ሙሜ፤ ይበቃል» አላቸው።

እውነቱን ቢነግራቸው ከዘራቸውን ይዘው አብዱናስር ቤት ድረስ እንደሚሄዱ ያውቃል። ሄደው ያድኗቸዋል። እሱ ደግሞ እንዲድኑ አልፈለገም።

አሥራ ሁለቱ ዓምዶች በስምንት ሜትሩ ዙሪያ ቆሙ፤ እብነ በረድ የሚመስል ሴራሚክም ለበሱ። የምረቃው ቀን ሪባን ተዘረጋ፣ ከየወረዳው እንግዳ መጣ፤ አብዱናስርም ስለ ቅርስ ረጅም ንግግር አደረገ። እሱ ስለ ቅርስ የሚያውቀው አንድ አህያ ስለ ማር የምታውቀውን ያህል ነው። ልጆች ወደ ፈረሶቹ ሲሮጡ ኢርሻድ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። መጀመሪያ ባዶውን ይፈተን አለ። አብዱናስር ተቆጣ፤ ኢርሻድ ግን አልተንቀሳቀሰም። ይህችን አስቀድሞ አስቦባታል። አንድ ፈረስ አንዱን ዓምድ ጫር ያደርጋል፣ ሴራሚኩ ይረግፋል፣ ሰው ይስቃል። ነገሩ በዚህ ያልቃል ብሎ ነበር።

አው ሙሜ ቢስሚላህ ብለው እጀታውን ያዙ። የመጀመሪያው ዙር ቀስ ያለ ነበር፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በሁለተኛው የሽማግሌው ፊት ፈካ፤ ሃምሳ ዓመት ከላያቸው የወረደ ይመስል ነበር። ኢርሻድ ያን ፊት አየ። «ቀስ ይበሉ» ሊላቸው ፈለገ፤ ግን አብዱናስርን እያየ አንድ ዙር ቆየ። በሦስተኛው ፈረሶቹ ተከፈቱ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዳማው ዓምዱን በግንባሩ መታውና ጭንቅላቱ ተገንጥሎ እንግዶቹ እግር ሥር ወደቀ። ቦራው ተከተለ፣ አምባላዩም ተከተለ፤ የአንዱ ዘንግ ተጣመመና ጠቅላላው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እጀታው ወደ ኋላ ተመልሶ የአው ሙሜን ክንድ መታው። የአጥንቱን ድምፅ ኢርሻድ ሰማው።

ማንም አልሳቀም።

አው ሙሜ ክንዳቸውን አቅፈው ማን ለካው ብለው ጠየቁ። ኤልያቄም ቀረብ ብሎ እኔ ነኝ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቆመው ሳሉ ነው የለካኸው አሉት፤ አዎ አለ። ሽማግሌው እሱን አልተቆጡትም። የደከመ ዓይናቸውን ኢርሻድ ወዳለበት መለሱ።

«አንተስ?»

«አልጠየቁኝም» አለ ኢርሻድ።

«እኔ ጠይቄህ ነበር» አሉት አው ሙሜ።

ዩስራ አባቷን ይዛ ወደ ወጌሻው ሄደች። ኢርሻድም የዳማውን ጭንቅላት ታቅፎ ቀረ፤ አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ደጁን የሚጠና ሰው ሳምንት ሙሉ ቢጠብቅ አልመጣም። በመጨረሻ እሱ ራሱ ሄደ። አብዱናስር ቤት ጫማውን አውልቆ፣ ከሚንቃቸው ሰዎች መሃል ተቀመጠና ዓምዶቹ እንዲፈርሱ ለመነ። ፈረስ ሲሮጥ አንድ ክንድ ተኩል ይፈልጋል ብሎ ከሥር መሠረቱ አስረዳቸው። በትዕግሥት ሰሙት፤ እንዲያውም ጫት አቀረቡለት። ግን በጀቱ አልቋል፣ ቤቱም ተመርቋል። የተመረቀ ነገር እንዴት ይፈርሳል? ፈረሶቹ በየዓምዳቸው በሰንሰለት እንዲታሰሩና ሰው ፎቶ እንዲነሣባቸው ተወስኗል። አሁን ዓምዱ አሥራ ሁለት መሆኑ ጠቀመን አለ አንዱ።

አብዱናስር በር ድረስ ሸኘው። ልኩ በተወሰደ ቀን ክፉ ቃል እንደተናገረው አያስታውስም ነበር።

«ሰውዬ» አለው፣ «መሠረቱ ሳይቆፈር ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሁለት ሜትር ማስፋት ምን ያቅተኝ ነበር?»

ኢርሻድ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። አብዱናስርን ለመናቅ ሞከረ፤ እንደ ድሮው አልሆንልህ አለው።

ዓርብ ለዳማው አዲስ ጆሮ ቀርጾ፣ በርጩማውን ጠርጎ ከግቢው በር ላይ ተቀመጠ። ሰላት አብቅቶ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ አው ሙሜ ክንዳቸው በነጠላ ታስሮ፣ በዩስራ ትከሻ ተደግፈው መጡ። የሰጋቱራና የቀለም ሽታው ሲደርሳቸው ቆም አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉት።

«ወአለይኩም አሰላም፣ አው ሙሜ፤ ይግቡ» አለና ተነሣ።

ሽማግሌው አልገቡም፤ ልጃቸውን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ።