የቀትሯ ደንበኛ

ጌቾ ልብስ ሰፊ ነው። ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ ግን የውሸት ፋብሪካ። "ነገ ነይ" ሳይል ያስረከበው ልብስ የለም። ለሠርጓ ቀሚስ ያዘዘችው ወልዳ ልጇን አዝላ ብትመጣ እንኳ "ነገ ነይ የኔ ቆንጆ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው" ይላታል። ሴቶቹ ይሰድቡታል፣ እሱ ይስቃል፣ ዞረው ደግሞ እሱው ጋ ይመጣሉ።

ከጎኑ የሚሰፉት ጋሽ ዘከሪያ ናቸው፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ጂቡቲ ያረጁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መኪናቸውን ሸፍነው ይነሳሉ።

"አንተ ልጅ፣ ቀትር ነው። ዝጋ።"

"ምን ይመጣል ጋሽ ዘከሪያ? ጂኒ ሱሪ ሊያሳጥር?"

"ሳቅ አንተ። ቀትር የነሱ ሰዓት ነው።"

"ይምጡ አቦ! ልብስ ካዘዙ ደንበኛ ናቸው።"

እሳቸው አስተግፊሩላህ እያሉ ይሄዳሉ። ከዚያ ከተማው ይሞታል። ጫት የሚጠብቀው ጫቱን ይጠብቃል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ ውሻ እንኳ የቆመ መኪና ሥር ገብቶ ምላሱን ይጥላል። ጌቾ የማይዘጋው ሥራ ወዶ እንዳይመስላችሁ። ስርጉት የምትመጣው ያኔ ነው። ስርጉት ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባህሩ ዳር፣ አንድ ትልቅ ቤት በሠራተኝነት ትኖራለች፤ ማዳሟ ስትተኛ ሹልክ ብላ ትመጣለች። አብረው ወደ ድሬ ተመልሰው ሊጋቡ ተነጋግረዋል።

በነሐሴ አንድ ቀትር፣ ከስርጉት በፊት ሌላ ሴት መጣች።

ረጅም ናት። ከላይ እስከ ታች አመድማ ለብሳለች። ጌቾ መጀመሪያ ያየው ፊቷን አይደለም፤ ግንባሯን ነው። ጠብታ ላብ የለበትም። "በጂቡቲ ነሐሴ የማያልበው ሬሳ ብቻ ነው" ብሎ በሆዱ ቀለደ።

"የጭፈራ ቀሚስ ነው" አለች፣ አማርኛዋ የድሮ ሰው አማርኛ። ከረጢት ዘረገፈች። ጥቁር ላባ፣ የምን ወፍ እንደሆነ የማይታወቅ፣ ረጅምና የሚያብለጨልጭ። ደግሞ እንደ ውሃ ከእጅ የሚያመልጥ የሐር ዘርፍ። "ትከሻው ላባ ይሁን። ከወገብ በታች ዘርፍ። ስዞር አብሮኝ ይዙር።"

ጌቾ ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ተጠጋ። ሴትየዋ ወደኋላ አለች።

"እኔ አልለካም። በሌላ ለካ።"

"በማን ልለካ እመቤት? በጋሽ ዘከሪያ?"

አልሳቀችም። ስርጉት ነጠላ ጫማዋን እያንኳኳች ጥጉን ዞረች። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ጨርቅ ገበያ ላይ ጣቃ እንደሚታየው።

"ይቺ ትሆናለች።"

ስርጉት እቴ፣ ላባውን አይታ አብዳለች! ገና ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋች። ጌቾ ትከሻዋን ለካ፣ ደረቷን ለካ፣ ወገቧን ሲለካ ኮረኮራትና ተሳሳቁ። ቀና ሲሉ መንገዱ ባዶ ነበር።

"ጥላ ነበራት እንዴ?" አለች ስርጉት።

"በዚህ ቀትር ማን ጥላ አለው? ያንቺን እስቲ አሳዪኝ።"

እውነትም ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነበር። የሷም ጥላ የለም፣ የሱም የለም።

ጌቾ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ የዛኑ ቀን መስፋት ጀመረ። ሌላውን ሥራ ሁሉ ጣለው። እጁ አልታዘዝ አለው ማለት ይቀላል፤ መርፌው ይሄዳል፣ እሱ ይከተላል። ጋሽ ዘከሪያ እያዩ "ታመሃል እንዴ?" አሉት። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማራገቢያው ከግራ ቢነፍስ፣ ከቀኝ ቢነፍስ፣ ላባዎቹ ሁልጊዜ ወደ ባህሩ ነው የሚተኙት።

ዘርፉን ከአንድ ቋጠሮ በቀር በጨረሰበት ማታ ስርጉት ደወለች።

"ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ! ዕቃ ሳጥብ እግሬ ብቻውን ጨፈረ። ማዳም ጠጥተሻል ወይ አለችኝ።"

"እና አልጠጣሽም?"

"ሂድ ወዲያ!"

ሳቁ። በማግስቱ የትከሻውን ላባ ተከለ። ስርጉት እንደገና ደወለች፣ አሁን ሳቅ የለም።

"ጌቾ፣ አንገቴን አሳክኮኝ ስነካው ላባ ነቀልኩ።"

"ከትራስሽ ነው።"

"ትራሴ ስፖንጅ ነው። ደግሞ ስነቅለው ደማ።"

ጌቾ ስልኩን ዘግቶ ቀሚሱን አየው። ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ባዶ ልብስ ሲሰቀል ደረቱ ይወድቃል፤ ይሄ አልወደቀም።

ነግቶ ጋሽ ዘከሪያ ገና ቁልፋቸውን ሳያወጡ ያዛቸውና ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ላባውን አዩት፣ አልነኩትም።

"በስርጉት ለካህ?"

"አዎ።"

"ልብስ ማለት የተለካበት ሰው ነው። በስርጉት ለክተህ ለዚያች ሴት ካስረከብክ ጨርቁን ብቻ ይዛ የምትሄድ መሰለህ?"

"አቃጥለዋለሁ በቃ!"

"ልጅቷም አብራ ትቃጠላለች።"

ጌቾ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቀ።

"ምን ቀረው?" አሉት።

"የመጨረሻው ዘርፍ። አንድ ቋጠሮ።"

"እንዳትቋጥር። ያላለቀ ነገር አይወስዱም፣ የነሱ ሕግ ነው። ደግሞ እንደኛ አይደሉም፣ ቃል ይጠብቃሉ። የተቀጠሩበት ቀን ሳይደርስ አይነኩም።" ቀሚሱን እንደገና አዩና "ያ ረቢ! ዕድሜ ልክህን ዋሽተህ፣ ለጂኒ ነው ታማኝ የሆንከው?" አሉ።

ያን ቀን ግን ቀትር ሲሆን እሳቸውም ሄዱ። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም እሄድ ነበር።

ጌቾ ብቻውን ቀረ። መንገዱ ነጭ ሆኖ ያቃጥላል፣ ድምፅ የሚባል የለም። ሴትየዋ ስትመጣ አላያትም፤ ቆማ ነው ያገኛት። ከኋላዋ ስርጉት ቆማለች። ባዶ እግሯን፣ በዚያ አስፋልት ላይ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ጌቾን ግን አያየውም። ጣቶቿ ወገቧ ላይ የሌለ ዘርፍ ይደባብሳሉ።

"ስርጉት!"

ጣቶቿ መደባበሳቸውን አላቆሙም።

"ስርጉቴ፣ እኔ ነኝ!"

ሴትየዋ ወደ ቀሚሱ ተጠጋች። ላባዎቹ ሁሉ ወደሷ ዞሩ፣ ዶሮዎች እህል የያዘ ሰው ሲያዩ እንደሚዞሩት።

"ቆንጆ ሠራህ። ቋጥረው።"

እጁ ተነሳ። እሱ አይደለም ያነሳው። ክሩ ጣቱ ላይ ተጠመጠመ፣ ቀለበት ሠራ፣ ጫፉ ሊገባ ነው። ጌቾ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

"እመቤት፣ ክር አልቆብኛል።"

ሴትየዋ የተበጠሰውን ክር አየችው።

"ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ጂቡቲን ያውቋታል። መኪናውም ሰሞኑን ቀበቶው ላልቷል። ከዚያ ደግሞ ካገር ቤት የታዘዘው የውስጥ ገበር አልመጣም፣ የጭነት መኪናው ጋላፊ ድንበር ላይ ቆሟል አሉ።" ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ውሸቱ ግን፣ ምን ይደረግ፣ እንደለመደው ይፈሳል። "እንደው ይህቺ ጫፍ ብቻ ናት የቀረችው። ነገ ይምጡ።"

"ነገ?"

"ነገ። በእናቴ!"

ከዚያ ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ጌቾ ያንን ፈገግታ ባላየው ይወድ ነበር።

"ነገ እመጣለሁ" አለች። "እኔ ጊዜ አለኝ።"

ሄደች የሚባል አይደለም፤ መንገዱ ብቻ ባዶ ሆነ። ስርጉት ጮኸች።

"እግሬ! ኧረ እግሬ ተቃጠለ! ጫማዬስ? ጌቾ፣ ማን ነው እዚህ ያመጣኝ?"

አቅፎ በረንዳው ሥር አስገባትና እግሯ ላይ ውሃ አፈሰሰ። እያለቀሰ መሳቅ አማረው፣ ሁለቱንም አልቻለም።

ያ ሁሉ የሆነው አምና ነው። ሴትየዋ ዛሬም በየቀትሩ ትመጣለች። ጌቾ እሷ እያየች አንዲት ላባ ይሰፋል፣ ስትሄድ ይተረትራታል። አይታመምም፣ አይቀርም፣ ከካርቲየ አንድ አይወጣም። የሌሎቹን ሴቶች ልብስ ደግሞ ባሉት ቀን ያስረክባል፤ ውሸቱን ሁሉ ለአንዲት ሴት አስቀምጦታል። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው "ምን ነካህ?" ይሉታል።

በቀደም ስርጉት ማታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"የሚመልሰን ሹፌር አግኝቻለሁ፣ ቦታ አለው። መቼ ነው ድሬ የምንሄደው?"

ጌቾ ሚስማሩ ላይ ያለውን ቀሚስ አየ። ነፋስ የለም። ላባው ወደ ባህሩ ተኝቷል።

"ነገ" አላት።

ስርጉት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንገቷን አከከች።