አምስተኛው ፎርም

የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሕግ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ ዓመቱን የጨረሰ ተማሪ ሁሉ ፎርም ይሰጠዋል። ፎርሙ ላይ ሦስት መስመር አለ፦ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ስታትስቲክስ የፈለገ ስታትስቲክስ፣ ተግባራዊ ሒሳብ የፈለገ ተግባራዊ ሒሳብ ብሎ ይሞላና የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በር ላይ የተቀመጠው ባለቁልፍ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ንጹሕ ሒሳብ የፈለገም ይጻፍ፤ ማን ከለከለው? ብቻ ንጹሕ ሒሳብን አንደኛ ምርጫ ያደረጉት አምስት ካልሞሉ ክፍሉ አይከፈትም። አራት ከሆኑ አራቱም ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው፣ እሱን ካልሞሉ ደግሞ ቦታ ወደተረፈበት ይበተናሉ። አምስት ሰው ከጠፋ ደግሞ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ይህን ሕግ ጠመኔን ያህል የሚያውቀው አልነበረም። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ከሰሌዳው ፊት አትጠፋም፣ ጥቁር ሹራቧም ነጭ አቧራ አጥቶ አያውቅም። ልጅቷ የሒሳብ ፍቅሯ የዋዛ አልነበረም። ተማሪው ፕሩፍ የሚለውን ማረጋገጫ፣ አንድ ነገር እውነት የሆነበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ጽፋ ስትጨርስ ብቻዋን ትስቅ ነበር። ድልድይ ለመሥራት ወይም ለባንክ ቤት ብላ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ደስ ስለሚላት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚማረው ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢያስቀምጡት ይታመማል።

ያንን ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪው «መምህር ለምን» ይላቸዋል፤ መልሱ ትክክል ሲሆን እንኳ «ለምን?» ብለው አፍጥጠው ስለሚጠይቁ። ክፍላቸው ሦስት ዓመት ተዘግቶ ለሌላ ትምህርት ክፍል ጀማሪዎች መደመርና ማካፈል ሲያስተምሩ ከርመዋል። ዘንድሮም ካልተከፈተ ጡረታ እንደሚወጡ የማያውቅ የለም።

ታዲያ ጠመኔ ሰው መመልመል ያዘች። መጀመሪያ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን ሳቂታዋን አሳመነች። ቀጥላ ረጅሙን፣ ጣሪያ የሚነካውን ልጅ ያዘች። መጨረሻ ላይ ከተወለዱ ጀምሮ ተለያይተው የማያውቁትን መንታ ወንድማማቾች ይዛ መጣች፤ አንዱን ማሳመን ሁለቱን ማሳመን ነው። አምስቱም ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ተሰብስበው ተማማሉ።

«ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር ባዶ እንተወው» አለች ጠመኔ።

«ባዶ? አብደሻል እንዴ?» አለ ረጅሙ።

«ሁለተኛ ምርጫ ከጻፍን ሰበብ ሰጠናቸው ማለት ነው። እነዚህማ ሌላም ይወዳሉ ብለው ይገፉናል። ባዶ ከሆነ ግን የት አባታቸው ይወስዱናል?»

«ካልሞላስ?»

«አምስት ነን እኮ! እስቲ ቁጠር።»

ረጅሙ የምሩን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ራሱን ሊረሳ ሲል ሳቂታዋ ራሱን አስጠቆመችውና ሆዷን ይዛ ሳቀች። የሚቀጥለው ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የማስገቢያው መጨረሻ ነበር፤ በደስታ ተለያዩ።

ዓርብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጠመኔን ከቤት ጠሯት። አባቷ በያጅ ነው፤ ቤታቸው ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ስትደርስ ሱቁ ተዘግቷል። አባቷ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ሁለት የድንች ቁራጭ ዓይኖቹ ላይ አድርጓል። ጭንብል ሳያደርግ «ለአንዲት ነጥብ ነው» ብሎ በይዶ ብርሃኑ አቃጥሎታል።

«አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ?»

«ተይው፣ ይለቀኛል። ነይ ተቀመጪ የኔ ልጅ።» ድንቹን አላነሳም። «አክስትሽ ጠይቃልሽ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ስታትስቲክስ የተማረ በየዓመቱ ይቀጥራል አለች። ወንበሩንም አይቼዋለሁ፣ የሚሽከረከር ነው።»

«እኔ ንጹሕ ሒሳብ ነው የምፈልገው አባዬ።»

«ንጹሕ? ሌላው ቆሻሻ ነው እንዴ?» በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ አንዱ ድንች ተንሸራቶ ወደቀ። የታየው ዓይኑ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንባ አቅርሯል። «እሺ፣ እሱስ የት ነው የሚሠራበት?»

ለመምህር ለምን አንድም ቀን መልስ አጥታ የማታውቅ ልጅ፣ ላባቷ ጥያቄ አንዲት ቃል አጣች።

«እኔ አላስገድድሽም» አለ አባቷ ድንቹን በዳበሳ እየፈለገ። «ያንቺ ሕይወት ነው። ብቻ ዓይኔ ጨርሶ ሳይሄድ ሥራ ይዘሽ ባይሽ ብዬ ነው።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቢጮህባት እሷም ትጮህ ነበር፤ በሩን ወርውራ ወጥታ የፈለገችውን ትሞላ ነበር። እንዲህ ያለውን ግን ማን ይችለዋል? ድንቹን አንስታ ዓይኑ ላይ መለሰችለትና እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት ግቢ ስትገባ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ረጅሙ ካፍቴሪያው በር ላይ ስታትስቲክስ ከመረጡ ልጆች ጋር ተጠግቶ ያንሾካሹካል። መንታዎቹ እሷን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋረጡ መሰላት። ሳቂታዋ ስልክ ይዛ ኮሪደር ውስጥ «እሺ እማዬ፣ ገባኝ እማዬ» ትላለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። «አሃ!» አለች ጠመኔ በሆዷ። «እነዚህ ሊከዱ ነው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ይጠይቃላ! «ስሙ እንጂ፣ ቃላችሁ ቃል ነው ወይስ ልባችሁ ሸፍቷል?» ይላል፤ አለቀ። የሒሳብ ሰው ግን ከመጠየቅ ማረጋገጥ ይቀለዋል። ጠመኔ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወርዳ ያች የተማማሉባት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘረጋችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«አንደኛ፦ አምስታችንም አንድ ዓይነት ሰዎች ነን እንበል። ሁለተኛ፦ ከአምስታችን አንዱ ከቀረ የተቀሩት ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ሦስተኛ፦ ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው ይቀራል ብሎ ይፈራል። አራተኛ፦ የፈራ ሰው ራሱን ያድናል። ስለዚህ ሁሉም ይቀራል። እስከ መጨረሻው የሚቆየው ሞኝ ብቻ ነው።»

ደጋግማ አነበበችው። አንዱ መስመር ካንዱ እንከን በሌለው መንገድ ይወጣል። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማረጋገጫውን የጻፈችው ከወሰነች በኋላ ነው፤ የወሰነችው ሶፋው አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር። ያንን ማመን ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ «ላባቴ ብዬ ከዳኋችሁ» ማለት ያስፈልጋል። «እናንተም ትከዱ ነበር» ማለት ይቀላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ፎርሟን ሳጥኑ ውስጥ ጣለች። ማታ መኝታ ክፍል ስትገባ ሳቂታዋ «አስገባሽ?» አለቻት። «አስገባሁ» አለች። «እኔም! አበቃ፣ አምስት ሞላን!» አለችና ሳቂታዋ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ጠመኔ «አስመሳይ» አለች በሆዷ። አያችሁ? ራሷ እያስመሰለች ልጅቷን አስመሳይ አለቻት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ተማሪው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከቦ ይገፋፋል። ንጹሕ ሒሳብ ከሚለው ሥር አንዲት መስመር ብቻ ተጽፋለች፦ «አመልካች አራት፤ አይከፈትም።»

አራት። ጠመኔ አንድ እንኳ ይኖራል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ጣቷን በዝርዝሩ ላይ እያስኬደች ፈለገቻቸው። ረጅሙ ለቅየሳ ትምህርት ተመድቧል። አንደኛው መንታ እዚሁ ግቢ የቤተ መዛግብት ትምህርት፣ ሁለተኛው መንታ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ተጥሏል። ሳቂታዋም ቤተ መዛግብት ገብታለች። አራቱም ስም አጠገብ «ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ያልሞላ» የሚል ማስታወሻ አለ። የራሷን ስም ስታትስቲክስ ከሚለው ሥር አገኘችው፤ መጨረሻው ወንበር ላይ።

«ጉድ ነው!» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ። ሳቂታዋ ናት። ዝርዝሩን አየች፣ ጠመኔን አየች፣ እንደገና ዝርዝሩን አየች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ስህተት ነው! አንቺን ያለቦታሽ ጽፈውሽ እኮ ነው አራት የሆንነው! አንቺ ከታረምሽ ይከፈታል። ነይ!»

«ተይው በቃ…»

«ምን ማለትሽ ነው ተይው? ነይ እንጂ!»

ክንዷን ይዛ እየጎተተች የጸሐፊዋ ቢሮ አስገባቻት። ረጅሙና መንታዎቹም ተከትለው ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሁለተኛው መንታ የወንድሙን እጅጌ እንደ ሕፃን ይዞ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስህተት ተሠርቷል» አለች ሳቂታዋ። «ይቺ ልጅ አምስተኛችን ናት። ንጹሕ ሒሳብ ነው የሞላችው።»

«እኔ የተጻፈውን ነው የገለበጥኩት የኔ እናት» አለች ጸሐፊዋ። «ሽማግሌው መምህራችሁም ጠዋት ይህንኑ ሲጠይቁኝ ነበር። ሁለቴ አስቆጥረውኝ ነው የሄዱት።»

«እባክዎ ፎርሟን ያውጡት! እኔ አውቃታለሁ እኮ! ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት።»

ጸሐፊዋ ተንፍሳ ተነሳች፤ ከመደርደሪያው ፋይል አወረደች። ጠመኔ በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መናገር ትችል ነበር፤ ፋይሉ እስኪገለጥ ጊዜ ነበራት። ወረቀቱ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የጠመኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እንዲያ አሳምሮ የሚጽፍ ሌላ ሰው በክፍሉ የለም። አንደኛ ምርጫ፦ ስታትስቲክስ። ሁለተኛ ምርጫ፦ ተግባራዊ ሒሳብ። ሦስተኛ ምርጫ፦ ሒሳብ መምህርነት። ሦስቱንም መስመር ጢም አድርጋ ሞልታዋለች።

ረጅሙ በሩን ሲያልፍ እንደልማዱ ጎንበስ ብሎ ወጣ። መንታዎቹ ተከተሉት።

ኮሪደር ላይ ጠመኔ ሳቂታዋን ተከትላ ሮጠች። የምትለው ቢጠፋት ደብተሯን አውጥታ ያን ገጽ ዘረጋችላት። «አንብቢው። እባክሽ አንብቢው። ምክንያት ነበረኝ።»

ሳቂታዋ ተቀበለቻት። ቆማ፣ ሳትቸኩል፣ መምህር ለምን እንዳስተማሯቸው መስመር በመስመር አነበበችው።

«ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ልክ ነው» አለች። ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«እንበል ነው ያልኩት…»

«እናቴ ዓርብ ጠዋት ነርስነት ካልገባሽ ብላ ስልክ ላይ ስታለቅስ ነበር። እሺ እማዬ፣ ገባኝ እማዬ እያልኩ እምቢ አልኳት። ረጅሙ ለምናልባቱ ብሎ ስታትስቲክስ ከመረጡት ልጆች መሃል ስድስተኛ ሰው ሲለምን ነበር የዋለው። አልጋሽ ካልጋዬ በክንድ አይርቅም። መጠየቅ አቃተሽ?»

ጠመኔ አለቀሰች። ሳቂታዋ ደብተሩን ዘግታ መለሰችላትና መኝታ ልትቀይር ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ወደ መኝታ ክፍል ሄደች። አላመናጨቀቻትም፤ እሱ ነው የከፋው።

ጠመኔ ማደሪያዋ መግባት አልሆንልሽ ስላላት ወደ ቤት ሄደች። አባቷ ተሽሎት ሱቁን ከፍቷል። ከሩቅ ሲያያት ገና ከፊቷ ምንም ሳያነብ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«ወጣ? ምን ደረሰሽ?»

«ስታትስቲክስ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ጓንቱን ሳያወልቅ አቀፋት። በር ሊወስድ የመጣውን ደንበኛ ጠርቶ «ልጄ ናት! ስታትስቲክስ!» አለው፤ ሰውየውም ምን እንደሆነ ሳይገባው እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። አባቷ የቀላ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ እንባው የደስታ ይሁን የሕመም አይለይም።

«እነዚያ የምታወሪልኝ ጓደኞችሽስ? አምስት ናችሁ አላልሽኝም? እነሱም ደረሳቸው?»

«ደረሳቸው።»

«የመረጡት?»

ጠመኔ የቆመችበትን የብረት ፍቅፋቂ በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገች። «አዎ።»

«አየሽ፣ ተመካክሮ መምረጥ እንዲህ ነው!» አለ አባቷ። «ተመካክራችሁ ነው አይደል?»

«አዎ አባዬ» አለች ጠመኔ። «አምስታችንም ተመካክረን ነው።»